ዕርዳታና ግዴታ፦ ድሃ ሲረዳ መብቱን ያስረክባልን?

በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ የምትኖሩ ወይም በዚያ የምታልፉ ከሆነ፣ ባለፉት ዓመታት በማለዳ መጥረጊያና አካፋ ይዘው በቡድን መንገድ የሚጠርጉ፣ ቦይ የሚከፍቱና ችግኝ የሚንከባከቡ እናቶችን ሳታዩ አልቀራችሁም። የሰፈሩ ሰው «ሴፍቲኔቶች» ይላቸዋል። ከእነርሱ መካከል እሑድ እሑድ ከጎናችን ተቀምጠው የሚዘምሩ እህቶቻችን አሉ። በወረዳው ልየታ ኮሚቴ ውስጥ የሚያገለግሉ ሽማግሌዎች፣ በቤተ ክርስቲያን በኩል ለችግረኞች እህል የሚያድሉ ዲያቆናትም አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ እናንሣ። እነዚህ እናቶች የሚያገኙት ገንዘብ ዕርዳታ ነው ወይስ ደመወዝ? ዕርዳታ ከሆነ ለምን ሥራ ይታዘዛሉ? ደመወዝ ከሆነስ ለምን ሠራተኛ አይባሉም? ታመው ቢቀሩ ምን ይሆናሉ? በስብሰባ ላይ አንድ ነገር ተናግረው ቢከፉባቸውስ? ጥያቄው ሲጠቃለል ይህ ነው፤ የሚረዳ ሰው ለሚሰጠው አካል ምን ያህል ዕዳ አለበት? ሰጪውስ «ይህን ካላደረግህ አልሰጥህም» የማለት መብቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

ሴፍቲኔት እንዴት መጣ?

በአገራችን ለረጅም ዘመን የድርቅ ዕርዳታ የሚሰጠው አደጋ ሲደርስ ብቻ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ጥሪ ይደረጋል፣ ስንዴ ከውጭ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም የሚደርሰው በሬው ከተሸጠ፣ ቤተሰቡ ከተበተነ በኋላ ነው። ይህን ለመለወጥ መንግሥትና ለጋሾች እ.ኤ.አ. በ2005 የገጠሩን የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጀመሩ። አምስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች በየዓመቱ በታወቀ ጊዜ ገንዘብ ወይም እህል እንዲያገኙ ታቀደ። መሥራት የሚችሉት በወር አምስት ቀን ያህል በአካባቢ ልማት ሥራ ይሰማራሉ፤ እርከን ይሠራሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ። የማይችሉት አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕሙማን ግን ያለ ሥራ «የቀጥታ ድጋፍ» ያገኛሉ።

የከተማው ተከተለ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የ300 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አጸደቀ፤ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ሊጨምርበት ተስማማ። አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰዎችን ለመድረስ ነበር ዕቅዱ። ከእነዚህ 84 በመቶው ሠርተው፣ 16 በመቶው ደግሞ ያለ ሥራ እንዲያገኙ ተደለደለ። በአዲስ አበባ የትኞቹ ወረዳዎች ቀድመው እንደሚገቡ የተለየው በዕጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ለሁለተኛው ምዕራፍ 400 ሚሊዮን ዶላር ተፈቀደ፤ ለወጣቶች የሥራ ልምምድም ተጨመረበት።

በመጀመሪያው ምዕራፍ የነበረው ሕግ እንዲህ ነበር። ከአንድ ቤት እስከ አራት ሰው ይቆጠራል። ለአንድ ሰው በመጀመሪያው ዓመት 60፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 20 የሥራ ቀን ይመደብለታል። ሲጀመር የቀኑ ክፍያ 60 ብር ነበር። ከሚያገኙት 20 በመቶውን መቆጠብም ግዴታ ነበር፤ በመጨረሻ ለመነሻ ካፒታል እንዲሆን። እስቲ እናስላው። አራት ሰው የተቆጠረለት ቤት በመጀመሪያው ዓመት 240 ቀን ይሠራል፤ 14,400 ብር ያገኛል። ከዚህ 2,880 ብር ወደ ቁጠባ ይገባና 11,520 ብር ይቀራል፤ ይህም በወር 960 ብር ነው። የቤት ኪራይ፣ እንጀራና የልጆች ደብተር ከዚህ ይወጣል። የኑሮ ውድነት በጨመረ ቁጥር ይህ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚያጥር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ግዴታው ሦስት ነው፤ ሥራ፣ ቁጠባና ከጊዜ በኋላ «መመረቅ»፣ ማለትም መውጣት። ግዴታ ሁሉ ክፉ አይደለም። ሥራው ሰፈሩን ያጸዳል፣ ቁጠባው ለብዙዎች የመጀመሪያ የባንክ ደብተራቸው ሆኗል። በአዲስ አበባ ፕሮግራሙን ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ሌላም ነገር አግኝተዋል፤ ፕሮግራሙ በተስፋፋበት ጊዜ በግል ሥራ ላይ ያለው የቀን ክፍያም ከፍ ብሏል። የሴፍቲኔት ሰዎች በሥራ ስለተያዙ ቀጣሪው የተሻለ ለመክፈል ተገድዷልና። ፕሮግራሙ ውስጥ ያልገባው የቀን ሠራተኛም ተጠቅሟል ማለት ነው። «ዕርዳታ ሰውን ያሰንፋል» የሚለው አባባል እንደምንለው ቀላል አይደለም።

ችሮታ ነው ወይስ መብት?

ብዙዎቻችን «የሰጠን ይባረክ፣ ምን መብት አለን?» ብለን ነው ያደግነው። ምስጋና መልካም ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚለው ሌላ ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት (1987 ዓ.ም.) በአንቀጽ 41 ላይ ሁለት ነገር ይናገራል። በንዑስ አንቀጽ 3 ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አላቸው ይላል። በንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ልጆችን እንዲንከባከብ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ቃል ድጋፉ በአገሪቱ ሀብት የተወሰነ መሆኑን ያሳያል። በአንድ ሹም ፈቃድ የተወሰነ ነው ማለት ግን አይደለም። አንቀጽ 25 በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በብሔር ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። አንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዴታ ሥራ እንዳይሠራ ይጠብቃል።

በዓለም አቀፍ ደረጃም እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ በአንቀጽ 22 እና 25 የማኅበራዊ ዋስትናን መብት ያውቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን ደግሞ በአንቀጽ 9 ያጸናዋል። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ማብራሪያ ስለ ቅድመ ሁኔታዎች በግልጽ ተናግሯል። ድጋፍ ለማግኘት የሚጠየቀው ነገር ምክንያታዊ፣ ተመጣጣኝና ግልጽ መሆን አለበት፤ ድጋፍ ሲቋረጥም በቂ ምክንያት፣ የሕግ መሠረትና የመከራከሪያ ዕድል ሊኖር ይገባል።

ልብ በሉ፤ ኮሚቴው ሁኔታን በጠቅላላው አልከለከለም። የከለከለው ሰውን መጫወቻ የሚያደርገውን ሁኔታ ነው።

ጥሩውን ሁኔታ ከመጥፎው እንዴት እንለይ?

በየትኛውም ድጋፍ ላይ፣ የመንግሥትም ይሁን የቤተ ክርስቲያን፣ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ የተጠየቀው ነገር ይቻላል ወይ? ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ብራዚል በ2003 በጀመሩት ፕሮግራም ድሃ እናቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት እስከላኩና እስካስከተቡ ድረስ ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር። ብዙ ልጆች ተጠቅመውበታል። ነገር ግን ጤና ጣቢያ በሌለበት መንደር «ካላስከተብሽ አይሰጥሽም» ማለት እናቲቱን ባላጠፋችው ጥፋት መቅጣት ነው። በእኛ አገር በገጠሩ ሴፍቲኔት ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ከጉልበት ሥራ ወጥተው ጤና ክትትል እንዲያደርጉና ትምህርት እንዲሰሙ ይመከራሉ፤ ሳይሄዱ ቢቀሩ ግን ክፍያቸው እንዲቆረጥ አልተደረገም። ይህ ጥበብ ያለበት አሠራር ነው።

ሁለተኛ፣ ሁኔታው ከድጋፉ ዓላማ ጋር ይገናኛል ወይ? ገንዘቡ የተሰጠው ቤተሰብ እንዳይራብ ከሆነ፣ የስብሰባ መገኘት፣ የአባልነት መታወቂያ ወይም የመዋጮ ደረሰኝ ከረኀብ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሦስተኛ፣ ለሁሉም እኩል ነው ወይ? ለዘመድ የሚላላ፣ ለማይታወቅ የሚጠብቅ ሕግ ሕግ አይደለም። የከተማ ነዋሪነት መታወቂያ የሌለው ተከራይ፣ የቤት ሠራተኛና ጎዳና አዳሪ ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ የሚወድቀው በዚህ ቀዳዳ ነው። ከሁሉ በላይ የሚቸገረው ሰው ማስረጃ የሌለው ሰው ነውና።

አራተኛ፣ ቅጣቱ ይመጥናል ወይ? በጀርመን ሥራ ፈላጊ የተባለው ሰው የታዘዘውን ሥራ እምቢ ሲል ድጋፉ በ30፣ በ60 አልፎ ተርፎም በ100 በመቶ ይቀነስ ነበር። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 2019 በሰጠው ፍርድ ከ30 በመቶ በላይ መቀነስ ከሰብዓዊ ክብር ጋር አይስማማም አለ። ፍርድ ቤቱ ሰውን ወደ ሥራ መጥራት ይቻላል ብሏል፤ ለመኖር የሚያስፈልገውን ከአፉ መንጠቅ ግን አይቻልም። ሀብታም አገር እንኳ በዚህ ጉዳይ ተሳስታ በፍርድ ቤት ታርማለች።

አምስተኛ፣ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ አለ ወይ? በሴፍቲኔት አሠራር ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ታዟል። ነገር ግን ቅሬታ ሰሚው ራሱ ስሙን የሰረዘው ሰው ከሆነ፣ ወይም አቤቱታ ያቀረበች እናት በሚቀጥለው ዙር የምትቀር ከሆነ ኮሚቴው በወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1834 የወጣው የድሆች ሕግ እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ ቀረ። ዕርዳታ የፈለገ ሰው ወደ ድሆች መጠለያ ገብቶ፣ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት ተለይቶ እንዲሠራ ተደረገ። ዓላማው ዕርዳታውን የሚያስጠላ ማድረግ ነበር። ያንን ያደረጉት ብዙዎች እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች መሆናቸውን መርሳት የለብንም።

ከራሳችን ታሪክ

እህል በእጁ ያለው ሰው በተራበው ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ኢትዮጵያ በሚገባ ታውቃለች። በ1977ቱ ረኀብ ጊዜ የደርግ መንግሥት ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ 600 ሺህ ያህል ሰዎችን አሰፈረ። ብዙዎች ሳይፈቅዱ መወሰዳቸውን፣ የዕርዳታ እህልም ሰውን ለማስፈር መሣሪያ መሆኑን የዕርዳታ ሠራተኞች ተናገሩ። ይህን በአደባባይ የተቃወመው የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ሂውማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ፣ ሴፍቲኔት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በአንዳንድ ቦታዎች የገዢው ፓርቲ ደጋፊ ላልሆኑ ሰዎች ይከለከላል ሲል ከሰሰ። መንግሥት ክሱን አልተቀበለም። ለጋሾችም በፕሮግራሞቹ ውስጥ መቆጣጠሪያ አለ ብለው ተከራከሩ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወው፤ ክሱ ግን አንድ ነገር ያስተምራል። ግልጽ ያልሆነ ዝርዝር ባለበት ሁሉ ሕዝቡ «የተሰረዝሁት በሐሳቤ ነው» ብሎ ይፈራል። የሚፈራ ሰው ደግሞ አይናገርም፤ አፉን የዘጋው ማንም ባይኖር እንኳ ዝም ይላል።

የቅርብም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዕርዳታ እህል በብዛት ወደ ሌላ መተላለፉ ሲታወቅ፣ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በግንቦት በትግራይ፣ በሰኔ ደግሞ በመላው አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቆሙ። ለአብዛኛው ሕዝብ እንደገና የተጀመረው በዓመቱ መጨረሻ ገደማ ነው። ስርቆትን ማስቆም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሰረቀው ሌላ፣ የተራበው ሌላ ነበር። አንድ ሁኔታ ሲጣል «ቅጣቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በጎ ምሳሌም አለን። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የተማሪዎች ምገባ «ድሃ መሆንህን አስረዳ» አይልም። ልጁ ተማሪ ስለሆነ ይበላል። በጠረጴዛው ዙሪያ ማን ችግረኛ እንደሆነ አይታወቅም። ክብርን ጠብቆ መስጠት ይቻላል ማለት ነው።

የራሳችን ጓዳ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ መንግሥትን መውቀስ ይቀላልና።

የኢትዮጵያ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች በዚህ ርዕስ ላይ ታላቅ ታሪክ አላቸው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1972 ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልማት ግንኙነት የሚናገር ነበር። በዚያን ዘመን የውጭ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ ለስብከትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰው ሊከፈል አይችልም፣ ሥጋውን ብቻ ወይም ነፍሱን ብቻ ማገልገል አይበቃም፤ ደግሞም የሚያስፈልገንን የምናውቀው እኛ ነን አለች። በጊዜው ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ተይዘው በደርግ የተገደሉት አገልጋይ።

ልብ አላችሁ? አባቶቻችን ተቀባዮች ሳሉ የሰጪውን ሁኔታ ተቃውመዋል። «ገንዘብህ በእኛ ሕይወት ላይ ፈራጅ አያደርግህም» ብለዋል። እንግዲህ እኛ ዛሬ ሰጪዎች ስንሆን ያንኑ ሁኔታ በሌላው ላይ እንጭናለን ወይ?

ኮልፌ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ወንጌላዊው አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖርበት፣ በአንድ እድር የሚቀባበርበት ሰፈር ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር አንድ አጥቢያ ለሕፃናት ድጋፍ ሲሰጥ «ጴንጤ የሆኑት ለዘይትና ለዱቄት ነው» የሚለው ንግግር ወዲያው ይነሣል። እኛም እንቆጣለን። ነገር ግን ከመቆጣታችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። አንዲት ሙስሊም እናት ልጇ በፕሮጀክቱ ታቅፎላታል እንበል። ማንም «ሃይማኖትሽን ለውጪ» አላላትም። ነገር ግን ልጁ የቅዳሜ መዝሙር ቢቀር ምን እንደሚመጣ አታውቅም። ብትጠይቅም ታፍራለች። ስለዚህ ዝም ብላ ትልከዋለች። ይህ ፈቃድ ነው ወይስ ፍርሃት? «አይሆንም» ብትል ምንም እንደማይቀርባት ካላወቀች፣ «እሺ» ያለችው እውነተኛ እሺታ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን እምነት እንዳይይዝ በኃይል ወይም በሌላ መንገድ እንዳይገደድ ይከለክላል። ቀይ መስቀልና ትልልቆቹ የዕርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብም ዕርዳታ የሃይማኖት ወይም የፖለቲካ አቋም ማስፋፊያ እንዳይሆን ይላል። ከክርስቲያን የዕርዳታ ድርጅቶችም ብዙዎቹ ፈርመውበታል። ይህ ወንጌልን አትስበኩ ማለት አይደለም፤ የመስበክ መብታችንን የሚጠብቀው ይኸው አንቀጽ 27 ነው። የተባለው ወንጌልን በእንጀራ አትሽጡ ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ምዕመናን ከኪሳቸው አዋጥተው የራሳቸውን ወንድም ቢረዱ ትክክል ነው፤ ሐዋርያው በገላትያ 6፥10 ለሁሉ መልካም አድርጉ፣ ይልቁንም ለእምነት ቤተ ሰቦች ይላልና። ለሰፈሩ ችግረኛ ሁሉ ተብሎ ከለጋሽ ወይም ከመንግሥት የመጣውን ለአባላት ብቻ ማድላት ግን የአደራ ገንዘብ ማጉደል ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያሳየናል?

«ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለውን ሐሳብ (2 ተሰ. 3፥10) ጠቅሰው ችግረኛን የሚመልሱ ወገኖች አሉ። ክፍሉን በደንብ እናንብበው። ጳውሎስ የሚናገረው ስለማይወድ ሰው ነው፤ ሥራ ስላጣ፣ ስለታመመ ወይም ሕፃን ስለያዘች እናት አይደለም። ወዲያው በቁጥር 13 ላይም መልካም ከማድረግ እንዳይታክቱ ያሳስባል።

1 ጢሞቴዎስ 5 ደግሞ ለመበለቶች መዝገብ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ዕድሜዋ ስድሳ የሞላ፣ ረዳት የሌላት እያለ። ስለዚህ መመዘኛ ማውጣት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ያለው ሀብት ጥቂት ከሆነ መለየት ግድ ነው። የሚጠየቀው ግን መመዘኛው የታወቀ መሆኑ ነው።

በሐዋርያት ሥራ 6 ላይ በዕለታዊ ማዕድ መበለቶቻቸው ችላ የተባሉባቸው ግሪክኛ ተናጋሪዎች አንጎራጎሩ። ሐዋርያት «ስለተሰጣችሁ አመስግኑ» ብለው ዝም አላሰኙአቸውም። ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ የተመረጡትም ስማቸው የግሪክ ነበር። ቅሬታው ተሰማ፣ ቅሬታ ካቀረበው ወገንም ሰው በማዕዱ ላይ ተሾመ። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

በዘሌዋውያን 19፥9-10 የእርሻው ባለቤት ዳር ዳሩን እንዳያጭድ ታዟል፤ ቃርሚያው ለድሃውና ለመጻተኛው ነው። ሩት ሞዓባዊት ሆና ሳለ ቃረመች። ባለርስቱ የሚተወው ከችሮታው አልነበረም፤ ሕጉ ለድሃው የወሰነለትን ነበር። ቦዔዝ ደግሞ አልፎ ሄደ፤ እንዳያሳፍሯት ጎልማሶቹን አዘዘ።

ጌታ ኢየሱስ በሉቃስ 17 አሥር ለምጻሞችን አነጻ። ተመልሶ ያመሰገነው አንድ ነበር፣ እርሱም ሳምራዊ። ጌታ ስለ ዘጠኙ ጠየቀ፤ ነገር ግን ፈውሳቸውን አልወሰደባቸውም። በዮሐንስ 6 እንጀራ ስለበሉ የተከተሉትን ሰዎች ልባቸውን ገለጠባቸው፤ ሲያበላቸው ግን ማን እንደሚያምን አልመረጠም። የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ኮልፌ ቀራንዮ ይባላል። ቀራንዮ ላይ የሆነው ደግሞ ገና ጠላቶች ሳለን የሆነ ነው (ሮሜ 5፥10)።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ድጋፍ የምታገኙ ከሆነ፣ ሕጉን ጠይቃችሁ ዕወቁ። ስንት ቀን፣ ስንት ብር፣ ስንት ዓመት እንደተወሰነ የማወቅ መብት አላችሁ። ከታመማችሁ፣ ካረገዛችሁ ወይም አካል ጉዳት ካለባችሁ ወደ ቀጥታ ድጋፍ መዛወርን ጠይቁ። ያለ ምክንያት ከተሰረዛችሁ በጽሑፍ ለቅሬታ ሰሚው አመልክቱ፣ ኮፒውንም ያዙ። ካልተሰማችሁ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤት ማለት ይቻላል። ይህ ምስጋና ቢስነት አይደለም። ጳውሎስም የሮም ዜግነቱን ጠቅሶ ይግባኝ ብሏል።

በልየታ ኮሚቴ ውስጥ የምታገለግሉ ከሆነ፣ የእናንተ ብዕር የአንድ ቤት እራት ነው። ዝርዝሩ በግልጽ ይለጠፍ። ዘመዳችሁ ሲቀርብ ከውሳኔው ራቁ። መታወቂያ የሌላትን ተከራይ የምትረሱ እናንተ እንዳትሆኑ።

በአጥቢያችሁ ዲያቆናት ወይም የልማት ሠራተኞች ከሆናችሁ፣ ዘንድሮ አንድ ሥራ ሥሩ። የምትሰጡትን ድጋፍ ሁኔታዎች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የተነገሩትንም፣ ያልተነገሩትንም። በኅብረት መገኘት ይጠየቃል? መዝሙር መቅረት ያስቀጣል? ከዘይቱ ጋር ባነር ፊት ቆሞ ፎቶ መነሳት ግድ ነው? የሕፃኑ ታሪክ ለባሕር ማዶ ረጂ ሲላክ ወላጁ ፈቅዷል? ከዚያም እያንዳንዱን ከላይ ባሉት አምስት ጥያቄዎች ፈትኑት። የማያልፈውን ሰርዙ። የሚያልፈውን ለተረጂዎቹ ሁሉ በአማርኛና እነርሱ በሚናገሩት ቋንቋ አንብቡላቸው። በመጨረሻም ይህን ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፦ «አምልኮ ላይ ባትገኙም ድጋፉ አይቋረጥም።»

ይህን መናገር ካስፈራን፣ የምንተማመነው በወንጌሉ ሳይሆን በዱቄቱ ነው ማለት ነው። ከተናገርነው በኋላ ግን ወደ አምልኮ የሚመጣው ሰው ወዶ የመጣ ይሆናል፤ ያልመጣውም በልቶ ያድራል። ሁለቱም ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።